ሆድሽን አትሳቢብኝ በናትሽ

ኡፍፍ ዛሬስ ልናገረው ነው። እዚህ ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም ስር ትንሽዬ ቤት ይዤ የሴት ልብስ እሰፋለሁ፣ እና የሚያደክመኝ ስፌቱ እንዳይመስላችሁ፣ መብራቱም አይደለም፣ መብራት ሲጠፋ በእግር የሚረገጠውን ሲንጀር ስቤ እቀጥላለሁ። እኔን የሚያቃጥለኝ ልክ መውሰድ ነው። ሰው ሁሉ ልክ ማለት ቁጥር ይመስለዋል፣ ቁጥሯን በቴሌግራም ወርወር ካረገ በኋላ ያለው የኔ ጣጣ ነው።

አንዷ ሚዜ ናት፣ «ደረት 38 ወገብ 80 ዳሌ 42» ብላ ላከችልኝ። በቃ ይሄው ነው። ሜትር እኮ ባንዱ ፊት ሴንቲ ባንዱ ፊት ኢንች ነው፣ አንዱ ኢንች ደግሞ 2.54 ሴንቲ። ልጅቷ ደረቷንና ዳሌዋን በኢንች ለክታ ወገቧ ላይ ስትደርስ ሜትሩ ተገልብጦባታል። ሁሉንም ኢንች ነው ብዬ ብቆርጠው ወገቧ ከሁለት ሜትር ያልፋል፣ ሁሉንም ሴንቲ ነው ካልኩ ደረቷ የጨቅላ ልጅ ደረት ሆነ። ደውዬ «የኔ እናት ነይና ልለካሽ» ስላት «ከጀሞ ቱሉ ዲምቱ ድረስ ለልክ ብቻ?!» እሺ ቀሚሱንም በቴሌግራም ነው የምትለብሺው?

የሚመጡትስ ብትሉ... ሜትሩ ገና ወገባቸውን ሲነካ ትንፋሽ ይሳብና ሆድ የት እንደገባ አይታወቅም። «ልቀቂው» ስላት «ለቅቄዋለሁ» ትለኛለች አፏን ሳትከፍት፣ ፊቷ ቀልቶ። ሰርጉ ቀን እንደዛ ትንፋሽ ይዘሽ ነው ክትፎ የምትበይው? ቁጭ ስትይ እኮ ዳሌም ሆድም ይሰፋል፣ ለዛ ነው ጨርቁ የማይለጠጥ ከሆነ አራት አምስት ሴንቲ ትርፍ የምተወው፣ ያንን ትርፍ ደግሞ አይታ «ሰፋብኝ አጥብቢው፣ እስከዛ እቀንሳለሁ» ትላለች። እቀንሳለሁ ያለች ሁሉ ብትቀንስ ኖሮ እኔ ልብስ በማስፋት ባልኖርኩ ነበር። የፋሲካዎቹማ ሌላ ናቸው፣ ሁዳዴው 55 ቀን ነው አይደል፣ መጨረሻው ላይ ቅጥን ብለው መጥተው ይለካሉ፣ ከዛ ለዳግማ ትንሳኤ «አጠበብሽብኝ!» ዶሮ ወጡን እኔ ነኝ ያጎረስኳቸው?

የሙሽራ እናት የሆኑ ትልቅ ሴትዮ ደግሞ ወፍራም ሹራብ ላይ ካፖርት ደርበው መጡ። «እትዬ ቢያንስ ካፖርቱን ያውልቁልኝ»፣ «ልጄ የሰፈራችሁ ንፋስ ሊገድለኝ ነው፣ አንቺ ባለሙያ አይደለሽ ቀንሰሽ ያዥው»። በስንት ልቀንስ? በሹራብ ፋብሪካው ልክ? በዛ ላይ ሜትሩ የቱ ጋ እንደደረሰ ለማየት አንገታቸውን ደፍተው ያያሉ፣ አንገት ሲደፋ ጀርባ ይጎብጣል ቁመቱም አብሮ ይበላሻል። ቀጥ በሉ ስል ተቆጣሁ ተባለ።

ባሎችን አልረሳሁም። ሰርፕራይዝ ነው ብሎ ይመጣና «ሚስቴ ልክ አንቺን ታክላለች፣ በራስሽ ለኪው» ይለኛል፣ ቆሞ ከላይ እስከ ታች እያየኝ። ሂድልኝ ወንድሜ።

የሀበሻ ቀሚስ ላይ ግን ቀልድ የለም። ጥለቱ ታች ነው ያለው፣ ረዘመ ብለሽ ከታች ብትቆርጪው ጥለቱ አብሮ ሄደ፣ ስለዚህ ወገቡ ተፈቶ ከላይ መቀነስ አለበት፣ ያ ማለት አዲስ ቀሚስ እንደመስፋት ነው። የሸማ ጨርቅ ደግሞ በእጅ የተሸመነ ስለሆነ አንዴ መቀስ ከገባበት ክሩ እየተተረተረ ያልቃል። ይሄን ሁሉ ተናግሬ ቁመቷን በነጠላ ጫማ ታስለካኛለች፣ ሰርጉ ላይ አስር ሴንቲ ሂል አርጋ ትወጣና ቀሚሱ ቁርጭምጭሚቷ ላይ ቀረ። ከዛ ሰው ሁሉ «ማን ነው የሰፋልሽ?» ይላል፣ ስሜ የሚነሳው ያኔ ነው። ጡት መያዣም እንደዛው፣ ለልክ ቀን ስፖንጅ ያለው አርጋ መጥታ ለሰርጉ ስሱን ታረጋለች፣ ደረት ላይ የሰፋኋት እጥፋት ቦታዋን ትስታለች፣ ደረቱ ባዶ ሆኖ ይንጠለጠላል።

እና ቤት ውስጥ ራሳቸውን የሚለኩት፣ ሜትሩን ከመንገድ ይገዛሉ፣ የላስቲኩን፣ ሲያረጅ የሚለጠጠውን። ጫፉ ላይ ያለችው ብረት ወልቃ ከሁለት የሚጀምር ሜትር በአይኔ አይቻለሁ። ደግሞ ጀርባ ጋ ወደ ታች ሲንሸራተት አያዩትም፣ ዙሪያውን ከመሬት እኩል ካልሄደ ቁጥሩ ውሸት ነው፣ ለዛ ነው ሌላ ሰው ይለካሽ የሚባለው። እጅም ቀጥ ብሎ አይለካም፣ ክርን ትንሽ ታጠፍ ትላለች፣ አለዚያ ስኒ ስታነሺ እጅጌው ክንድሽ ላይ ወጣ።

ስለዚህ ከዛሬ ጀምሮ በቴሌግራም ልክ አልቀበልም፣ ዘመድም ብትሆኑ። ቀብድ ልትከፍሉ ስትመጡ ከልብሱ ጋር የምታረጉትን ጫማና ጡት መያዣ ይዛችሁ ኑ፣ ስስ ልብስ ልበሱ፣ መጋረጃ አለኝ ማንም አያያችሁም፣ የወገባችሁን ቁጥርም ለማንም አልናገርም፣ ደብተሬ ላይ በስም ሳይሆን በጨርቁ ከለር ነው የምጽፈው። ቅዳሜ ከሰዓት ግን አትምጡብኝ፣ ጎረቤት ሁሉ ዚፕ ይዞ ይመጣል።