ዶሜይን ከነአያት

ሰሞኑን ለእንግዶች ማረፊያ ስፈልግ እዚሁ ሀዋሳ አንድ ፔንሲዮን ደወልኩ። ዋጋ ብጠይቅ፣ ስልኩን ያነሳችው ልጅ "ጋሼ፣ ሁሉም ዌብሳይታችን ላይ አለ" አለችኝ በኩራት። በይ አድራሻውን ንገሪኝ አልኳትና እስክሪብቶ ያዝኩ።

"ሀዋሳ" ብላ ጀመረች።

"በኤች ነው ያለ ኤች?"

"በኤች።"

"ኤሱ አንድ ነው ሁለት?"

"አንድ። ባለ ሁለቱ ተይዞብን ነው። ከዚያ ዳሽ።"

"የላዩ ነው የታችኛው?"

"የታችኛው አይፈቀድም አሉን ጋሼ። ከዚያ የባለቤቱ ስም፣ ከነአባቱ። ከዚያ ኤንድ፤ ምልክቱን እንዳይጽፉት፣ ሦስቱን ፊደል ነው። ከዚያ ፋሚሊ፣ በሁለት ኤል።"

"ፋሚሊ ሁለት ኤል አለው እንዴ?"

"የለውም። የሠራው ልጅ ተሳስቶ ነው። ከዚያ ዳሽ። ፔንሲዮን። ፒኤልሲ። 2012።"

"2012 ደግሞ ምንድን ነው?"

"የተመሠረትንበት ዓመት ነዋ!"

"በእኛ ነው በፈረንጅ?"

"በእኛ።"

"ዶት ኮም?"

"አይ፣ ዶት ኔት። ዶት ኮሙ መጀመሪያ የሠራልን ልጅ ጋ ቀረ።"

ጻፍኩት። ገጹ አልተገኘም አለኝ። "ኧረ ይተዉት ጋሼ፣ ዋጋውን በቴሌግራም ልላክልዎት" አለችኝ። ላከችልኝ። በሁለት ሰከንድ።

እንግዲህ ይህን ጥበብ ማድነቅ ይገባል። በእ.ኤ.አ. 1985 መጀመሪያ የተመዘገበው ዶት ኮም አንዲት ቃል ብቻ ነበር። ምስኪኖች! ፒኤልሲ የለ፣ ዓመተ ምሕረት የለ። ከዶት ኮሙ በፊት ላለው ስም እስከ 63 ፊደል ተፈቅዶ ሳለ ይህን ሁሉ ባዶ ቦታ ጥሎ መሄድ ምን ይባላል? የእኛ ሰው ግን የተሰጠውን መብት አሟጦ ነው የሚጠቀመው። ደግሞ ጥበቃም አለው። እንዲህ ያለውን ስም ሌባ አይሰርቀው፣ ደንበኛ አያገኘው። ባጃጅ ጀርባ ላይ አሳትሙት፤ ከፒያሳ እስከ አቶቴ የተከተለ ሰው እስከ ሁለተኛው ዳሽ ያነበዋል።

ረቂቆቹን እንዳልረሳቸው። "ጠ"ን ከ"ተ" ለመለየት ትልቁን ቲ አስገባሁ ብሎ የሚንቀባረር አለ። ዶሜይን የሚባለው የዌብሳይት ስም ትልቅና ትንሽ ፊደል አይለይም። ግን ለእሱ ማን ይንገረው? ቢዝነስ ካርዱ ላይ ያምራል።

እዚህ ላይ ቀልዱ ይቅር። "ልጁ ጋ ቀረ" የምትለዋ ነገር ታበሽቀኛለች። አንድ ዶት ኮም በዓመት ከ10 እስከ 20 ዶላር ቢያስወጣ ነው። ነጋዴው ግን የዶላር ካርድ የለውም። ልጁ አለው። ስለዚህ ልጁ በራሱ ስምና በራሱ ኢሜይል ያስመዘግባል። ዶሜይኑን የሚሸጠው ድርጅት ደግሞ የሚያውቀው ባለ ኢሜይሉን እንጂ ባለ ፔንሲዮኑን አይደለም። ዓመቱ ሲደርስ ልጁ የፈለገውን ዋጋ ይጠራል፤ እንቢ ካሉት ስልኩን ይዘጋል። ይሄ ዌብሳይት ሠሪ አይባልም። የሰው ቤት ቆልፎ ቁልፉን ይዞ የጠፋ ሌባ ነው። እባካችሁ ገና ስትከፍሉ በስማችሁና በራሳችሁ ኢሜይል አስመዝግቡ። የይለፍ ቃሉም እናንተ ጋ ይሁን።

ወደ ምስጋናዬ ልመለስ። አሞራ ገደል አካባቢ ዓሣ ቤት ሊከፍቱ ያሉ ሦስት ሸሪኮች ስም አማክረን ብለውኝ ነበር። አጭር፣ ሰው በስልክ አንዴ ሰምቶ የሚጽፈው ስም አቀረብኩላቸው። ተያዩ። አንደኛው፣ ቅር ብሎት፣ "ይሄንንማ ማንም ይይዘዋል፤ እኛ የምንፈልገው ከበድ ያለ ነው" አለኝ። ከበድ ያለውን አገኙት። የሦስቱም ስም፣ ዳሽ፣ ዓሣ በእንግሊዝኛ፣ ዓሣ በአማርኛ፣ ዳሽ፣ ትሬዲንግ።

ዓሣ ቤቱ ሳይከፈት ሁለተኛው ሸሪክ ተጣልቶ ወጣ። ስሙ ግን ዶሜይኑ ላይ አለ፤ ለዓመት ተከፍሎበታል። አሁን በእሱ ቦታ አዲስ ሰው ሊገባ ነው፣ የእሱም ስም ይጨመር ተብሏል። ፊደሉን ቆጠርኩላቸው። 63 አልሞላም፤ ገና አያቱም ይገባሉ።