ቀጭ የማትል ካሜራ

ቤታችን ውስጥ አንዲት ካሜራ አለች። ስሟን አልጠራም። ከሠሪዎቿ ጋር ጠብ የለኝም፤ ጠቤ ከራሴ ጋር ነው። መልኳን ግን ልንገራችሁ። ከአንድ ወጥ አሉሚኒየም የተጠረበች ጡብ ናት። ጠርዟ ሹል፣ ደረቷ ልሙጥ። ጀርባዋ ላይ አንድ ስክሪን፣ አንዲት የምትሽከረከር ክብ ነገርና ለአመል ያህል የተቀመጡ ሦስት ቁልፎች አሉ። አለቀ። ፍላሽ የሚሰካበት ቦታ የለም። ዓይን አስጠግተው የሚያዩበት ቀዳዳ የለም። ሜሞሪ ካርድ የሚገባበት የለም። ማንገቻ የሚታሰርበት ጆሮ እንኳን አንድ ብቻ ነው። አንገቴ ላይ ሳንጠለጥላት በጎኗ ተንጋዳ፣ እንደተቀየመ ሰው ፊቷን ታዞርብኛለች።

ከሳጥኗ ያወጣኋት ቀን ባለቤቴ አጠገቤ ነበረች።

"ሌላውስ?" አለችኝ።

"ሌላው ምን?"

"ሌላው ዕቃዋ ነዋ። ቁልፏ፣ ምናምኗ። ሳይሞሉልህ ነው እንዴ የሸጡልህ?"

"አይ፣ ሚኒማሊስት ናት።"

"እሱ ደግሞ ምንድነው?"

"የማያስፈልገውን ሁሉ አውጥተውላታል ማለት ነው።"

ትንሽ አሰብ አደረገች። "ያወጡትን ከዋጋው ላይ ቀንሰውልሃል?"

ዝም አልኩ። ዝም አይነቅዝም። እውነቱን ለመናገር ቅናሽ ቀርቶ ጭማሪ ነው የከፈልኩት። ዕድሜዬን ሙሉ በነፃ ሳጣ ኖሬ፣ አሁን ከፍዬ ማጣት ጀመርኩ።

ለነገሩ የካሜራ ታሪክ ራሱ የቅነሳ ታሪክ ነው። የድሮዎቹ ሆዳቸው ውስጥ መስታወት ነበራቸው። ስትጫኗቸው መስታወቱ ብድግ ይላል፣ "ቀጭ" ይላል፣ ተመልሶ ይተኛል። እ.ኤ.አ. በ2008 ፓናሶኒክ ጂ1 የምትባለዋን ሲያወጣ መስታወቱ ቀረ። የዚህ ዘር ካሜራዎች ሚረርለስ ይባላሉ፤ መስታወት የለሽ ማለት ነው። ባለው ሳይሆን በሌለው ነገር የሚጠራ ዕቃ! ከዚያ ቅነሳው ለመደ። በ2012 የጀርመኑ ላይካ ጥቁርና ነጭ ብቻ የሚያነሳ ዲጂታል ካሜራ አወጣ፤ ቀለም ቀረ። በ2016 ደግሞ ጀርባው ላይ ስክሪን የሌለው ዲጂታል አመጣ፤ ያነሱትን ማየት ቀረ። በ2025 የጃፓኑ ሲግማ ቢኤፍ የምትባል ፉል ፍሬም ካሜራ አሳየ። አካሏን ከአንድ የአሉሚኒየም ብሎክ ፈልፍሎ ለማውጣት ማሽኑ ሰባት ሰዓት ሳያቋርጥ ይሠራል። የካርድ ማስገቢያ የላትም፤ 230 ጊጋባይት ማከማቻ ሆዷ ውስጥ አለ። መካኒካል ሹተር፣ ማለትም ብርሃን ለማስገባት የሚከፈትና የሚዘጋው መጋረጃም የላትም።

የስሟን ትርጉም ሳነብ ደስ ብሎኝ ለባለቤቴ ነገርኳት። ቢኤፍ "ቢዩቲፉል ፉሊሽነስ" የሚለው ምህጻረ ቃል ነው። ሐረጉ ጃፓናዊው ኦካኩራ ካኩዞ በ1906 ስለ ሻይ ካሳተመው መጽሐፍ የተወሰደ ነው። በእኛ አፍ "ያማረ ሞኝነት" ልንለው እንችላለን።

"ያማረውን ካሜራዋ ወሰደችው" አለች ባለቤቴ። "የቀረው ላንተ ደረሰህ።"

እሷ ምን ታድርግ! በ2014 ላይካ ከአንድ የአሉሚኒየም ብሎክ የተቀረጸች ቲ የምትባል ካሜራ ሲያወጣ፣ አንድ ሠራተኛ አካሏን በእጁ ሲወለውል ለ45 ደቂቃ ያህል የሚያሳይ ማስታወቂያ ሠርቶ ነበር። ሰውየው ይወለውላል። ሌላ ምንም የለም። እኔ ሶፋ ላይ ተጋድሜ እስከ መጨረሻው አየሁት። ባለቤቴ ከፊቴ መጥረጊያ ይዛ ቆማ ነበር። ሲያልቅ፣ "ሰው ሲወለውል ማየት ደስ የሚልህ ከሆነ ወጥ ቤቱ ይኸው" አለችኝ።

ካሜራዋ ከገባች በኋላ መጀመሪያ የተለወጠው ሳሎናችን ነው። መደርደሪያው ላይ አስቀመጥኳት። አላማረችም። ግራና ቀኟ ያለው ኮተት ውበቷን ሸፈነባት። የልጆቹን ደብተር አነሳሁ። ሪሞቱን አነሳሁ። ባዶውን የአበባ ማስቀመጫ አነሳሁ። በመጨረሻ የሠርጋችንን ፎቶ አነሳሁ፤ ፍሬሙ ወርቃማ ስለሆነ ከአሉሚኒየም ጋር አይሄድም። እንግዲህ በዚህች ካሜራ ምክንያት መጀመሪያ ያነሳሁት ፎቶ የሠርጋችን ፎቶ ነው። ከመደርደሪያው ላይ።

የተነሳው ሁሉ መኝታ ቤት ገባ። ሳሎናችን መጽሔት መሰለ፣ መኝታ ቤታችን መጋዘን ሆነ። እኔም ባዶው መደርደሪያ ላይ ጉብ ያለችውን ካሜራ በስልኬ አነሳኋት። ከፊት አነሳኋት፣ ከጎን አነሳኋት፣ የጠዋት ፀሐይ ሲያርፍባት አነሳኋት። ስልኬ ውስጥ የእሷ 214 ፎቶ አለ። የልጆቼን አልቆጠርኩም፤ መቁጠሩ ያስፈራል።

እሷስ ምን አነሳች? ባለቤቴ አንድ ማታ ክቧን እያሽከረከረች ማየት ጀመረች። ወንበር። የወንበር ጥላ። ግድግዳ። ግድግዳ ላይ የወንበር ጥላ።

"እዚህ ቤት ሰው አይኖርም እንዴ?" አለችኝ።

እንዲህ ዓይነት ካሜራ የያዘ ሰው ሰው ማንሳት ያሳፍረዋል። ሰው ኮተት ይበዛበታል። ጆሮ አለው፣ ኮሌታ አለው፣ ኪሱ ውስጥ የሚያብጥ ነገር አለው። ግድግዳ ግን ዲዛይን ያውቃል።

ደግሞ አንድ ያልነገሩኝ ነገር ነበር። ይቅርታ፣ ነግረውኛል፤ እኔ ነኝ ያልሰማሁት። ፉል ፍሬም ማለት ብርሃን ተቀባዩ ሴንሰር 36 በ24 ሚሊሜትር ነው ማለት ነው። ልኩ የመጣው ከድሮው 35 ሚሊሜትር ፊልም ነው። ሴንሰሩ ሰፊ ሲሆን ብርሃን አብዝቶ ይቀበላል፣ ጀርባውንም አደብዝዞ ፊትን ያወጣል። ግን ሌንሱ ያን ሁሉ ስፋት በብርሃን መሙላት አለበት፤ ከጥግ እስከ ጥግ 43 ሚሊሜትር ያህል። ዲዛይነር የካሜራውን አካል እንዳሻው ሊያከሳው ይችላል። ብርሃን ግን ዲዛይነር አይሰማም። ስለዚህ ካሜራዋ ከስታ ሌንሷ ወፍራለች። ጨለማ ውስጥ እንኳን ያነሳል የተባለውን ትልቁን ሌንስ ስገጥምላት ጠረጴዛው ላይ በአፍንጫዋ ትደፋለች። ጥላዬን ላነሳ ስወጣ የምሸከመው ሌንስ ነው፤ ካሜራዋ ጫፉ ላይ እንደ ክዳን ተለጥፋ ትከተለኛለች።

ይህም ይሁን። ዋናው ጉድ ድምፁ ነው።

አክስቴ 70 ዓመት ሞላቸው። ቤተ ዘመድ ተሰበሰበ። 23 ሰው ተደረደረ፤ ረጃጅሙ ከኋላ፣ ሕፃናት ከፊት፣ አክስቴ መሃል። ሁሉም ፈገግ አለ። አጎቴ ሆዳቸውን ስበው ያዙ። ተጫንኩ። አነሳሁ። ማንም አልተነቃነቀም።

"አነሳኸን?" አሉ አክስቴ፣ ከንፈራቸውን ሳያንቀሳቅሱ።

"አዎ።"

"መቼ?"

"አሁን።"

"ምንም አልሰማንም እኮ!"

ሜኑ ውስጥ ሰው ሠራሽ ድምፅ አላት። ከፈትኩት። "ጢክ" አለች፣ ሐሜት እንደሚያወራ ሰው በሹክሹክታ። ስድስቱ ሕፃን የሆኑ 23 ሰዎች ባሉበት ክፍል ውስጥ ጢክ ማን ይሰማታል? ሰው ሁሉ ፈገግታውን እንደያዘ ቀረ። ፈገግታ ደግሞ ሲቆይ ወደ ሌላ ነገር ይለወጣል፤ መጀመሪያ ወደ ጥርጣሬ፣ ቀጥሎ ወደ ጥርስ ሕመም። አጎቴ ፊታቸው እየጠቆረ መጣ።

"ልጄ፣ ልተንፍስ ወይስ ልቆይ?" አሉኝ በሲቃ።

"ይተንፍሱ፣ ይተንፍሱ!"

ተነፈሱ። እኔም በስህተት ተጫንኩ። ከዚያ ቀን ፎቶዎች መካከል ጥርት ብሎ የወጣው የአጎቴ ሆድ ነው።

"ቀጭ ካላለ ፎቶ አይባልም" ብለው አክስቴ ፈረዱ። ምን ላድርግ? በሚቀጥለው በአፌ "ቀጭ!" አልኩ። 23 ሰው በአንድ ላይ ተነፈሰ። ያን ቀን አርባ ጊዜ ያህል ቀጭ ብያለሁ። ማሽን ሰባት ሰዓት ሲጠርባት የሚውል ዓይነት ዕቃ ይዤ፣ ድምፁን በምላሴ እሠራ ነበር።

ስክሪኑን ሳይ ሌላ ጣጣ መጣ። የአክስቴ ነጭ ልብስ ላይ ጥቁር ሰንበር ወጥቷል፤ ግድግዳውም ላይ፣ የአጎቴ ራስ ላይም። ቤተሰቡ በሙሉ የሜዳ አህያ ሆኗል። ካሜራዋን ልወቅሳት አልችልም። ኤሌክትሮኒክ ሹተር ምስሉን የሚሰበስበው እኛ መጽሐፍ እንደምናነበው ነው፤ መስመር በመስመር፣ ከላይ ወደ ታች። ብዙ የኤልኢዲ አምፖል ደግሞ ዓይናችን ባያየውም በሰከንድ 100 ወይም 120 ጊዜ ይርገበገባል። አንዱ መስመር ሲነበብ መብራቱ ደመቅ፣ ቀጣዩ ሲነበብ ደብዘዝ። መፍትሔው የሹተሩን ፍጥነት ዝቅ ማድረግ ነው። አደረግኩ። ሰንበሩ ጠፋ። ሕፃናቱም አብረው ጠፉ፤ ሁሉም ወደ ጢስነት ተለወጡ። የአክስቴ የልጅ ልጆች እስከ ዛሬ ድረስ በታሪክ የተመዘገቡት እንደ ጢስ ነው።

ይህን ሁሉ ሳብራራ የአጎቴ ልጅ በስልኳ አንዴ አነሳችን። ሳልጨርስ ፎቶው የሁሉም ስልክ ላይ ደርሷል።

"ያንተንም ላክልና" አሉኝ አክስቴ፣ ላለማስከፋት።

"ኬብሉ ቤት ነው ያለው።"

"ካርዱን አውጥተህ ለልጅቷ ስጣት።"

"ካርድ የላትም። ፎቶው ውስጧ ነው።"

"ውስጧ ነው?" አሉና እጄን ጨበጥ አደረጉኝ። በዚያ አጨባበጥ ሰው የሚጨበጠው ለቅሶ ቤት ነው።

ከዚያ በኋላ ተዘጋጅቼ መውጣት ለመድኩ። ቦርሳ ገዛሁ። ቦርሳው ውስጥ፣ ካሜራዋ ከእጄ እንዳትንሸራተት አውራ ጣት የሚያርፍበት መደገፊያ አለ። ሁለት ትርፍ ባትሪ፣ ሁለት ኬብል አለ፤ አንዱ የሚጠፋ ነው። ውጫዊ ሃርድ ዲስክ አለ። የጣት አሻራ ስለምትወድ መወልወያ ጨርቅ አለ። ፀሐይ ላይ ስክሪኗ ስለማይታይ ጥላ የማደርግበት ጥቁር ኮፍያ አለ። ፍላሽ ስለሌላት በእጅ የሚያዝ መብራት አለ። መብራቱን የሚይዝ የእህቴ ልጅ አለ፤ እሱ ቦርሳው ውስጥ አይገባም እንጂ የዕቃው አካል ነው። ከካሜራዋ ላይ የተቀነሰው በሙሉ ትከሻዬ ላይ ተደምሯል።

"ሚኒማሊስቷ እሷ ናት" ትላለች ባለቤቴ ደጅ ላይ እየሸኘችኝ። "ኮተታሙ አንተ።"

ታዲያ ለምን አልሸጥኳትም? አንድ ከሰዓት በኋላ አክስቴ ሊጠይቁን መጡ። መስኮቱ ሥር ተቀምጠው ጫማቸውን ሲያወልቁ ካሜራዋ እጄ ላይ ነበረች። የሚነካካ ቁልፍ ስለሌለ አልነካካሁም። ዝም ብዬ ተጫንኩ። ቀጭ አላልኩም። አክስቴም አላወቁም። ፎቶው ላይ ፊታቸው፣ ሰው አያየኝም ብሎ ያረፈ የ70 ዓመት ሴት ፊት ነው። የመስኮቱ ብርሃን ጉንጫቸው ላይ ወርዷል። ከኋላቸው ያለው ሁሉ ደብዝዞ ጠፍቷል። ሳየው ሆዴ ባባ። ሌሎቹን አርባ ቀጭ ሁሉ ይቅር አልኳት።

አሳትሜ መደርደሪያው ላይ አስቀመጥኩት። ባለቤቴ ቆማ ለረጅም ጊዜ አየችው።

"የእሳቸው ከተቀመጠማ" አለችና መኝታ ቤት ገብታ የሠርጋችንን ፎቶ ከነወርቃማ ፍሬሙ ይዛ ወጣች። በማግስቱ የአበባ ማስቀመጫው ተመለሰ። ደብተሮቹ ተከተሉ። ሪሞቱ በራሱ እግር የመጣ ይመስለኛል። አሁን ካሜራዋ ያለችው ከሪሞቱ ሥር ነው።

ባለፈው እሑድ ባለቤቴ ከሥር ፈልፍላ አወጣቻት።

"ሁልጊዜ አንሺው አንተ ነህ። እስቲ ዛሬ እኔ ላንሳህ። መስኮቱ ሥር ተቀመጥ፣ እንደ አክስትህ።"

ተቀመጥኩ። ካሜራዋን ገለባበጠቻት፣ ወደ ዓይኗ ጠጋ አደረገቻት፣ የሚታይበት ቀዳዳ እንደሌለ ትዝ ሲላት መለስ አደረገቻት። ሆዴን ስቤ ያዝኩ። "ቀጭ!" አለች። ተነፈስኩ።

"እንዴት ወጣሁ?"

"ወይ ጉድ! እንዲህ አምሮብህ አያውቅም።"

ማታ ኬብሉን ሰክቼ ፈለግኩት። የመጨረሻው ፎቶ የወንበር ጥላ ነው። ደግሜ ፈለግኩ። የወንበር ጥላ ነው።

"የቱን ነበር የተጫንሽው?" አልኳት።

"የምን መጫን?" አለች። "ቀጭ አልኩ እኮ!"