ማስተካከያ፦ ስለ ዳላስ የአልኮል ሽያጭ ድምፅ

ቀደም ሲል ባወጣነው ጽሑፍ «የዳላስ ከተማ ምክር ቤት በ2010 እ.ኤ.አ. ማንኛውም የአልኮል መጠጥ በመላ ከተማዋ እንዲሸጥ ፈቀደ» ማለታችን ስሕተት ነው። የወሰኑት በዚያው ዓመት ኖቬምበር 2 ቀን ድምፅ የሰጡት የከተማዋ መራጮች ናቸው።

ሱቅ ለከፈቱ ወይም ለመክፈት ለሚያስቡ ወገኖቻችን ይበልጥ የሚያሳስበን ግን ሁለተኛው ስሕተት ነው። መራጮቹ ያጸደቁት ቢራና ወይን ከመደብር ተገዝቶ እንዲወሰድ ብቻ እንጂ ውስኪንና ቮድካን የመሳሰሉ ጠንካራ መጠጦች እንዲሸጡ አይደለም። በዚያው ዕለት የጸደቀው ሌላው ጥያቄ ምግብ ቤቶችን የሚመለከት ነበር፤ ሽያጭ በተከለከለባቸው ሰፈሮች ያሉ ምግብ ቤቶች እንደ ግል ክበብ ተመዝግበው፣ አንድ ብርጭቆ ቢራ የሚያዝ እንግዳ መንጃ ፈቃዱን ለአስተናጋጁ ሰጥቶ በአባልነት እንዲመዘገብ ያስገድድ የነበረውን አሠራር አስቀርቷል።

በ1933 የጸደቀው 21ኛው የአሜሪካ ሕገ መንግሥት ማሻሻያም የአልኮል ክልከላን ከአገሪቱ ጨርሶ አላጠፋም፤ የፌዴራሉን ክልከላ ሽሮ ሥልጣኑን ለግዛቶች መለሰ። ቴክሳስም ጉዳዩን ለየካውንቲውና ለየከተማው መራጮች ስለተወች ሕጉ አንድ ጎዳና ሲሻገሩ ሊለወጥ ይችላል። በላበክ ከተማ ከ1972 ጀምሮ በመጠጥ ቤት መጠጣት ቢፈቀድም፣ የታሸገ ቢራ የሚፈልግ ሰው እስከ 2009 ድረስ ከከተማው ክልል ውጪ መንዳት ነበረበት።

ስለ ስሕተታችን ይቅርታ እየጠየቅን፣ ጽሑፋችንን አምናችሁ ሱቅ ለመከራየት የተነሣችሁ ውል ከመፈረማችሁ በፊት የቦታውን ሁኔታ ከከተማው ጸሐፊ ቢሮ እንድታረጋግጡ አደራ እንላለን።