«እንዳልመረቅ ብዬ ነው»

ቨርጂኒያ ውስጥ ከሥራ ስንወጣ ቡና የምንጠጣበት ቤት አለ። በፈረንጆቹ ሐምሌ 4 ቀን 2025 አዲሱ ሕግ ከተፈረመ ወዲህ እዚያ ቤት የፉድ ስታምፕ፣ ማለትም መንግሥት ለዝቅተኛ ገቢ ቤተሰብ የሚሰጠው የምግብ መግዣ ድጎማ፣ ነገር ሳይነሳ የሚያልፍ ቀን የለም። ሕጉ ጤነኛ የሆነና ከ14 ዓመት በታች ልጅ የሌለው ሰው፣ እስከ 64 ዓመቱ ድረስ በወር 80 ሰዓት መሥራቱን ካላሳየ፣ በሦስት ዓመት ውስጥ ከሦስት ወር በላይ አይሰጠውም ይላል። በስደተኝነት የገባውንና ጥገኝነት ያገኘውንም ግሪን ካርድ እስኪይዝ ድረስ ከልክሎታል።

በዲቪ የመጣው ወገናችን ለዚህ ብዙም አያዝንም። ክሊንተን በፈረንጆቹ 1996 የፈረሙት ሕግ፣ በ2002 ከተሻሻለም በኋላ፣ እሱን ለፉድ ስታምፕ አምስት ዓመት አስጠብቆታል። «እኛ ያለ ማንም ድጎማ ሌሊት መኪና ስናቆም አልፈነዋል፤ ሰው ይሥራ!» ይላል። ድካሙ እውነት ነው፤ እኔም አብሬው ደክሜያለሁ። ግን «ሰው ይሥራ» ሲባል እየሠራ ያለው ሰው ይረሳል።

ፓርኪንግ ውስጥ አብራኝ ካሸር የነበረች እህት ሁለት ልጆች ለብቻዋ ታሳድግ ነበር። ሱፐርቫይዘር ሁኚ ሲሏት በሰዓት ሁለት ብር ጭማሪ ነበረው፤ እዚህ ዶላሩንም ብር ነው የምንለው። በምሳ ሰዓት የቼኳን ፖስታ ገልብጣ ሒሳብ ጀመረች። የምትኖረው በድጎማ ቤት ስለሆነ ኪራዩ ከገቢዋ 30 በመቶ ግድም ነው፤ ገቢዋ ሲያድግ አብሮ ያድጋል። ፉድ ስታምፑ ይቀንሳል። የትንሹ ልጅ መዋያ ድጎማ ደግሞ፣ እንደነገሯት ከሆነ፣ ከተቀመጠው ጣሪያ ጥቂት ብር ካለፈች ጨርሶ ይቋረጣል። ደምራ ቀንሳ እስክሪብቶውን አስቀመጠችና «ወንድሜ፣ ባድግ እከስራለሁ» አለችኝ። ዕድገቱን ሳትቀበል ቀረች። ሰነፍ ያሏት ነበሩ። ከሌሊቱ አሥር ሰዓት ተነስታ፣ ሁለት አውቶቡስ ቀይራ የምትመጣን ሴት!

ያን ቀን ደቡብ ወሎ ያለችው አክስቴ ትዝ አለችኝ። አገር ቤት ከ1997 ዓ.ም. ጀምሮ ሴፍቲኔት አለ። ጉልበት ያለው እርከን ይሠራል፣ ጉድጓድ ይቆፍራል፣ መንገድ ይጠርጋል፤ እህል ወይም ብር ይከፈለዋል። አቅመ ደካማው ሳይሠራ በቀጥታ ይደገፋል። ጥሪት ያፈራው ቤተሰብ ደግሞ «ተመረቀ» ተብሎ ከመዝገቡ ይወጣል። ምረቃ ሲባል እኛ የምናውቀው ጋዋንና እልልታ ነው። አክስቴ መንደር ግን ቃሉ ያስፈራል። ጎረቤቷ በሬውና በጎቹ ተቆጥረው በተመረቀ በዓመቱ ዝናቡ ቀረ። በጎቹ ሄዱ፣ ቀጥሎ በሬው ተሸጠ፤ ሰውዬው ወደ መዝገቡ የሚመለስበት መንገድ አላገኘም። አክስቴ ይህን በዓይኗ አይታለች። ከእርከኑ ብርና እኔ ከላክሁላት ቆጥባ የገዛቻትን ጊደር ወንድሟ ዘንድ ወስዳ አሰረቻት። ለምን ብላት «እንዳልመረቅ ብዬ ነው፣ ልጄ» አለችኝ።

ዋሽንግተን ላይ እርዳታ ሰውን ያሰንፋል ወይስ አያሰንፍም ብለው ይጣላሉ። አገር ቤትም «ጠባቂነት» የሚል ቃል ከስብሰባ አይጠፋም። እኔ የማውቃቸውን እነዚህን ሁለት ሴቶች የያዛቸው፣ ገና ቀና ስንል መደገፊያው ይነሳብናል የሚል ፍርሃት ነው፤ ፍርሃታቸውም ከሒሳብና ካዩት የመጣ ነው። ደሞዝ የተጨመረላትን እናት ድጎማውን በአንድ ወር ከመንጠቅ፣ ዓመት ሁለት ዓመት ሰጥቶ ቀስ እያሉ መቀነስ ይቻላል። የተመረቀ ገበሬም ክረምቱ ሲከዳው በሬው ሳይሸጥ የሚመለስበት በር ያስፈልገዋል። ምክር ቤት የሚቀመጡት ሰዎች ይህን ቢከራከሩበት ምንኛ ደስ ባለኝ።

ባለፈው እሑድ ስደውል ጊደሯ ወልዳለች። ወተቱን የሚጠጡት የወንድሟ ልጆች ናቸው። አክስቴም አልፎ አልፎ፣ ሲመሻሽ፣ ቅሏን በነጠላ ሸፍና ሄዳ ትቀበላለች።