ባለ 1000 ዋቱ ጎረቤታችን

ደሴ ላይ ያገለገለ ቪትዝ የገዛ ወጣት መጀመሪያ የሚያስፈትሸው ፍሬኑን ይመስላችኋል? ፍሬኑ ነገም ይደርሳል። ወደ ኮምቦልቻ የሚወስደውን ሐረጎን ቁልቁል ለሚወርድ ሰው ነገ ትንሽ ሩቅ ነው፤ ግን ይሁን። ዛሬ የሚታየው ቴፑ ነው። ከመኪናው ጋር የመጣው ይነቀላል፣ ባለ ስክሪኑ ይገባል። የኋላው ኮፈን ውስጥ አምፕሊፋየር (ድምፅ ማጉያው፣ አምፕ የምንለው) እና ትልቅ የባዝ ሳጥን ይቀመጣሉ። ከዚያ ወዲያ ዕቃ ያለው ሰው ጉልበቱ ላይ ይያዝ።

ጎረቤታችንም ያደረገው ይህንኑ ነው። እኔን የሚገርመኝ መስኮቱ ነው። ደሴ 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት። ጉሙ የጦሳን ተራራ ሸፍኖ፣ እኛ ጋቢ ደርበን፣ የሱ አራት መስኮቶች ወለል ብለው ተከፍተዋል። ሙዚቃው መኪናው ውስጥ ላለው ሰው ቢሆን ኖሮ ይዘጉ ነበር። ለካ ሙዚቃው የኛ ነው። አላዘዝንም፤ ግን የኛ ነው።

ገጠማው የተካሄደው መንገድ ዳር ነበር። ቴፕ ሠሪው ዳሽቦርዱ ውስጥ ጭንቅላቱን ቀብሯል። ዙሪያውን አማካሪዎች ቆመዋል። አንዱ ባጃጁን አቁሞ የመጣ ነው። ሌላው ጫቱን በጉንጩ እንደያዘ ከበርጫ የወጣ ነው። አንዳቸውም ሽቦ ነክተው አያውቁም። ምክር ግን አላጡም።

«ቢጫውንና ቀዩን አንድ ላይ እሰራቸው፣ ይሠራል!» አለ ባለ ባጃጁ።

ይሠራልማ! ቢጫው በቀጥታ ከባትሪ የሚመጣ ነው። ቁልፉ ቢነቀልም ቴፑ ሰዓቱንና ጣቢያዎቹን እንዳይረሳ የሚያደርገው እሱ ነው። ቀዩ ደግሞ ቁልፍ ሲዞር ብቻ ቴፑን የሚቀሰቅስ ነው። ሁለቱም ቁልፉ ላይ ከታሰሩ ቴፑ በየማለዳው ሁሉን ነገር ረስቶ ይነሳል። ሁለቱም ባትሪው ላይ ከታሰሩ ደግሞ ቁልፉ ቢነቀልም አይጠፋም። ቴፕ ሠሪው ይህን ያውቃል። ግን አስር ሰው በአንድ ጊዜ ሲመክረው ምን ያድርግ?

ማሳው፣ ማለትም የኔጌቲቩ ሽቦ፣ ቀለሙ ባልተፋቀ ላሜራ ላይ ታሰረ። ውጤቱ ሐረጎ ላይ ተሰማ፤ ሞተሩ ባጓራ ቁጥር ስፒከሩ ውስጥ ፉጨት አብሮ ይወጣል። የዲናሞው ድምፅ ነው። ቀለሙን ፍቆ ባዶ ብረት ላይ በአጭር ሽቦ ማሰር፣ የድምፁን ገመድ ከባትሪው ገመድ አርቆ በሌላኛው የመኪናው ጎን ማሳለፍ ነው መድኃኒቱ። ባለ ጫቱ ግን ሞተር ይውረድ ብሏል።

አምፑ ላይ ደግሞ በካቻቢቴ የምትዞር ጌይን የምትባል ነገር አለች። ሥራዋ ከቴፑ የሚመጣውን ድምፅ ለአምፑ ልክ ማድረግ ነው። ድምፅ መጨመሪያ አይደለችም። ግን ትዞራለች። የሚዞር ነገር ደግሞ እኛ ዘንድ እስከ መጨረሻው ይዞራል። ከዚያ በኋላ ትዝታ በሉት ባቲ፣ አምባሰል በሉት አንቺ ሆዬ፣ ሁሉም አንድ ዓይነት ጉርምርምታ ሆነ። ወሎ ተቀምጦ ቅኝት መለየት አለመቻል! ነውር ነው እኮ።

አንድ ቀን ሐረጎ ላይ የሚወርዱ እናት አሳፈረ። እናት ሐረጎ ሲደርሱ «ልጄ፣ እዚህ ጋ አውርደኝ» አሉት። ራሱን ነቀነቀላቸው። ዘፈኑ የጣማቸው መስሎት ድምፁን ጨመረው። ከ600 ሜትር በላይ ቁልቁል ወርደው ኮምቦልቻ ገቡ። እዚያ ሲያጠፋው ነው የተሰሙት። «አብሽር ልጄ» አሉት፣ «ሙቀቱም ለወገቤ ደግ ነው።»

ወደ ዋቱ ልምጣ። የአምፑ ካርቶን ላይ 1000 ዋት ተጽፏል። ጎረቤታችን «እንዴት አደርክ» ስትሉት «1000 ዋት» ሊላችሁ ምንም አልቀረው። ሰፈራችን ውስጥ ያሉት የፊዚክስ አስተማሪ አንድ ቀን ጎንበስ ብለው የአምፑን ፊውዝ አዩ። 30 አምፔር ይላል፤ ከዚያ በላይ ሲስብ ፊውዟ ትቃጠላለች።

«ሞተር ሲሠራ የምታገኘው 14 ቮልት ገደማ ነው» አሉት። «በ30 አባዛው፤ 420 ዋት። ይህም የሚገባው ነው። ከሚገባው ከፊሉ ሙቀት ሆኖ ይቀራል።»

በዚህ ቢያበቁ ጥሩ ነበር። አስተማሪ ናቸውና ወደ ቴፑ ዞሩ። እሱ ላይ «50 ዋት በ4» ተለጥፏል። ከጀርባው ያለችው ፊውዝ 10 አምፔር ናት። 140 ዋት ገብቶ 200 አይወጣም። ለአራት ስፒከር ሲካፈልና ብክነቱ ሲቀነስ ለእያንዳንዱ ሃያ ምናምን ዋት ቢደርሰው ነው።

ከዚያን ቀን ጀምሮ ጋሼ ከጎረቤታችን ሰላምታ አጡ። እኔ አልፈርድበትም። እኛ አገር ደመወዝ የሚነገረው ከነትርፍ ሰዓቱ፣ የሠርግ ታዳሚ የሚቆጠረው ከነአላፊ አግዳሚው ነው። እሱ ብቻ ለምን በፊውዝ ይለካ?

አሁን የቀረው ሰማያዊው ሽቦ ነው፣ ነጭ መስመር ያለበት። ከቴፑ ወጥቶ አምፑን «ተነስ፣ ተኛ» የሚለው እሱ ነው። በአማካሪ ብዛት ከቢጫው ጋር ታስሯል። ስለዚህ ቴፑ ሲጠፋ አምፑ አይተኛም። ሌሊቱን ሙሉ ባትሪውን ሲመጠምጥ ያድራል።

አንድ ማለዳ ቪትዟ ጭጭ አለች። ሌላ መኪና ቢሆን ችግር የለም። ደሴ ባትሪ ለሞተበት ሰው የምትመች ከተማ ናት፤ ቁልቁለቱ ራሱ ያስነሳዋል። ቪትዟ ግን አውቶማቲክ ናት፤ ብትገፋም አትነሳም። ባትሪ ከባትሪ የሚያገናኝ ገመድ ደግሞ ሰፈሩ ውስጥ ያለው ጋሼ ጋ ብቻ ነው።

ጋሼ ነጠላ ጫማቸውን እንዳደረጉ መጡ። መኪናቸውን አስጠጉ። ቀዩን ከቀዩ አገናኙ። ጥቁሩን በእጃቸው እንደያዙ ቆም አሉ።

«እኔ የምልህ፣ ስንት ዋት ነበር ያልከኝ?»

«ኧረ ጋሼ… 400 ቢሞላ ነው።»

ጥቁሩን አሰሩለት። ከሞተሩ በፊት ቴፑ ተነሳ።