ጋሊልዮ የሚለው ስም ይገባዋል

በቅርቡ ያነበብኩት አንድ ጽሑፍ፣ የጠፈር መርከብ በሚነዳበት በ«ኤሊት ዴንጀረስ» ጌም ውስጥ ጨረቃን የሚዞረው የንግድ ጣቢያ ጋሊልዮ መባሉ ለጌጥ ብቻ ነው፣ ጣሊያናዊውን ሳይንቲስት ጋሊልዮን ከንግድ ጋር የሚያገናኘው ነገር የለም ይላል። እኔ በፍጹም አልስማማም። እ.ኤ.አ. በ1609 ሰውዬው ቴሌስኮፑን ይዞ ከቬኒስ ባለሥልጣናት ጋር የቅዱስ ማርቆስ ደወል ማማ ላይ የወጣው ኮከብ ሊያሳያቸው አልነበረም። መርከብ ሊያሳያቸው ነው! በባዶ ዓይን እስኪታዩ ገና ሁለት ሰዓት የሚቀራቸውን መርከቦች ቁልጭ አድርጎ አሳያቸው፤ በንግድ ለምትኖር ከተማ ይሄ ምን ማለት እንደሆነ አስቡት። ደመወዙንም ጨመሩለት። የጨረቃን ተራሮች የሳለው፣ የጁፒተርን አራት ጨረቃዎች ያገኘው ከዚያ በኋላ ነው።

ጌሙን የተጫወተ ያውቀዋል። ጭነት ይዤ ስደርስ ጣቢያው ቀስ ብሎ ይሽከረከራል፣ መግቢያው ጠባብ ነው፣ ከሱ እኩል እየዞርኩ ካልገባሁ መርከቤ ጠርዙን ትመታለች። ከጀርባው ጨረቃ ከነጉድጓዶቿ ትታያለች፣ ሳይንቲስቱ በቀለም በእጁ የሳላት ጨረቃ። ሁሌም እዚህ ጋ ስደርስ ፍጥነቴን ቀንሼ ትንሽ አያታለሁ።