አቦል ላይ ምርመራ፣ በረካ ላይ ውጤት

የአእምሮ ሐኪሞቻችን ልፋት ያሳዝነኛል። መጀመሪያ ጠቅላላ ሕክምና ተምረው ይጨርሳሉ፣ ለስፔሻሊቲው ደግሞ ሌላ ዓመታት ይጨምራሉ፣ በመጨረሻም አንድ ታማሚ ፊታቸው አስቀምጠው «እንቅልፍ እንዴት ነው? ምግብስ? ከመቼ ጀምሮ ነው?» ሲሉ ይውላሉ። ይህን ሁሉ ጠይቀው «ለጊዜው እንከታተለው» ብለው ቀጠሮ ይሰጣሉ። እኛ ሰፈር እንዲህ ያለ መንዛዛት የለም። አቦል ላይ ሰውየው ይመረመራል፣ ቶና ላይ የሕመሙ መንስኤ ይታወቃል፣ በረካ ላይ ዘመድ አዝማዱ ሁሉ «ድሮም ነካ ያደርጋቸዋል» ተብሎ መዝገቡ ይዘጋል። ታማሚው እንዲቀርብ አይጠየቅም። ባይቀርብ ይመረጣል እንጂ።

ሰሞኑን የታየውን መዝገብ ልጥቀስ። ባንክ ቤት ይሠራ የነበረ የሰፈራችን ልጅ ሥራውን ለቀቀ።

«በገዛ እጁ?» አለች ረከቦቱ ጋ የተቀመጠችው እትዬ፣ ጀበናውን እንደያዘች።

«በገዛ እጁ! ንብ ላረባ ብሎ አገር ቤት ሊገባ ነው አሉ።»

«ንብ?»

«ንብ።»

«ውይ የእናቱ ልጅ! ለየለት በይኛ!»

ምርመራው እዚህ ላይ አለቀ። የቀረው ማስረጃ መልቀም ነው። አንዷ ባለፈው ፋሲካ ሰላም ሳይላት ማለፉን አስታወሰች። ሌላዋ ሁለተኛ ዲግሪውን ሲማር የክፍሉ መብራት ሌሊቱን ሙሉ ይበራ እንደነበር አንስታ «ያኔ ነው ትምህርቱ የነካው» አለች። የቤተሰብ ታሪክም አልተዘነጋም፤ አያትየው በስተርጅና ከበሬዎቻቸው ጋር ያወሩ ነበር ተባለ። (ከበሬው ጋር የማያወራ ገበሬ የት እንደሚገኝ የጠየቀ የለም።) ልጁ እዚያው ባንክ ተቀምጦ ከተበዳሪ ጋር ተመሳጥሮ ባለ ሁለት ፎቅ ቤት ቢሠራ ኖሮ፣ ያው ቡና ላይ «ጭንቅላት ያለው ልጅ» ተብሎ ይመረቅ ነበር።

የሥነ ልቦና መጻሕፍት ግን እዚህ ላይ ሲንተባተቡ ይታያሉ። አንድ ባሕርይ መቼ ነው ሕመም የሚባለው ሲባሉ አራት መመዘኛ ይደረድራሉ፤ ከተለመደው መውጣቱ፣ ሰውየውን ራሱን ማሠቃየቱ፣ ሥራና ኑሮውን ማወኩ፣ ለራሱ ወይም ለሌላ ሰው አደገኛ መሆኑ። ደርድረው ሲያበቁ ደግሞ «አንዱ ብቻውን አይበቃም» ይላሉ። እርግጥ ከተለመደው መውጣት ብቻውን ቢበቃማ፣ አበበ ቢቂላ እ.ኤ.አ. በ1960 ሮም ላይ ማራቶንን በባዶ እግሩ ሲሮጥ ከሜዳሊያው በፊት ካርድ ይወጣለት ነበር። እኛ ግን አራት መመዘኛ ምን ያደርግልናል? አንዱ በቅቶናል፦ «ሰው ምን ይላል?»

የዚህ መመዘኛ ትልቁ በረከት ዝምተኞችን የማያስቸግር መሆኑ ነው። ሳምንታት ሙሉ እንቅልፍ ያጣች፣ እህል አልወርድ ያላት፣ ጠዋት ከአልጋ ለመነሳት ጉልበት የከዳት ልጅ፣ እንግዳ ሲመጣ ብቅ ብላ ፈንዲሻውን አስቀምጣ፣ «እግዚአብሔር ይመስገን» ብላ፣ አንገቷን ደፍታ ከተመለሰች «እንዴት ያለች ጨዋ ናት! ድምጿ አይሰማ፣ ከቤት አትወጣ!» ትባላለች። ሐኪሞች ድባቴ የሚሉት ሕመም በእኛ ሰፈር የሥነ ምግባር ሽልማት ያሰጣል። እናትዋም በልጅዋ ትኮራለች። የሚታመም ሰው የሚጮኽ፣ ድንጋይ የሚወረውር፣ ጨርቁን የሚጥል ነው፤ ሌላው ሁሉ ጨዋ ነው።

መንስኤ በማወቅም የሚወዳደረን የለም። ትምህርት በዝቶበት፣ ቡዳ በልቶት፣ መተት ተሠርቶበት፣ አስማት ሲደግም ጋኔን ስቦ መመለሻው ጠፍቶት። ከዓረብ አገር ተመልሳ ግድግዳ ግድግዳ የምታይ ልጅ ስትሆን ደግሞ መንስኤው ሁለት ብቻ ነው፤ ወይ እዚያ መድኃኒት አብልተዋታል፣ ወይ እዚህ የቀናባት አለ። በር ተቆልፎባት፣ ፓስፖርቷ በአሠሪዋ እጅ ሆኖ፣ ደመወዟ ሳይከፈላት ከሌሊት እስከ ሌሊት የሠራችበትን ጊዜ የሚያነሳ የለም። ለምን ይነሳል? ቀለል ያለ መልስ እያለ።

ከሁሉ የሚደንቀኝ ክብሪታችን ነው። የሚጥል በሽታ ያለበት ሰው መንገድ ላይ ሲወድቅ ከተሰበሰበው ሰው መሐል «ክብሪት ጫሩለት! አሽትቱት!» የሚል አይጠፋም። ከ2 ሺህ 400 ዓመት ገደማ በፊት፣ በሂፖክራተስ ስም የሚታወቁት የግሪክ ሐኪሞች ስለዚሁ በሽታ ጽፈው ነበር። ከሌላው በሽታ የተለየ መለኮታዊ ነገር የለበትም፣ ከአንጎል የሚመጣ ነው፣ ሰዎች የአማልክት ቁጣ ያሉት ስላልገባቸው ነው ብለው። ወሬው እኛ ሰፈር እስኪደርስ ክብሪቱ አያልቅ ይሆናል። ሰውየውን በጎኑ አስተኝቶ፣ ጭንቅላቱ ሥር ለስለስ ያለ ነገር አድርጎ፣ አፉ ውስጥ ምንም ሳይከቱ መጠበቅ ይበቃል የሚል ሐኪም ቢኖርም፣ ያ ምን ትርዒት አለው?

ደግነቱ እነዚያው የጥንት ግሪኮች በሌላ በኩል የእኛ ሰዎች ናቸው። የሴት ልጅ ማህፀን ሰውነቷ ውስጥ እየዞረ ያስጨንቃታል፣ ያስለፈልፋታል ብለው ያምኑ ነበር፤ ለልጃገረዶቹ ያዘዙትም መድኃኒት ትዳር ነው። «ዳሩት፣ ይለቀዋል» የምትለው የሰፈራችን ማዘዣ በስንት ክፍለ ዘመን የተፈተነች መሆኗን ያወቅሁት ይህን ሳነብ ነው። ሂስቴሪያ የተባለው ይህ በሽታ ከአሜሪካ የአእምሮ ሐኪሞች ማኅበር መመሪያ በስሙ የወጣው እ.ኤ.አ. በ1980 ነው። እስከዚያ ድረስ ባልዋን የተናገረችም፣ ያለ ምክንያት ያለቀሰችም፣ በምክንያት ያለቀሰችም ልትታከምበት ትችል ነበር። የእኛዎቹ «ዳሩት» ባዮች ደግሞ ስለምትዳረው ልጅ ሲጠየቁ ሰምቼ አላውቅም። መድኃኒት መሆኗ ይነገራት ይሆን?

ሙያውን ወደ ፍጹምነት ያደረሰው ግን፣ ለእኔ፣ አሜሪካዊው ሐኪም ሳሙኤል ካርትራይት ነው። እ.ኤ.አ. በ1851 ሉዊዚያና ላይ አዲስ የአእምሮ በሽታ ማግኘቱን አስታወቀ። ስሙ ድራፔቶማኒያ። ምልክቱ አንድ ነው፦ ባሪያው ከጌታው ይጠፋል። ጤነኛ ሰው ከባርነት ለምን ይጠፋል? አይጠፋም፤ ስለዚህ ታሟል። መከላከያው ደግሞ፣ መኮሳተር ሲጀምር አስቀድሞ መግረፍ። ንጹሕ አመክንዮ ነው። ባሪያ ሸጦና ለውጦ የሚኖረው ጌታ ጤናው ለአንድ አፍታ እንኳ አላጠራጠረም። የባንኩን ልጅ የመረመረችው እትዬ ይህንን ሰው ብታገኘው ቡና ሳታጠጣው አትለቀውም ነበር።

ሶቪየቶችም አላሳፈሩም። በሞስኮው ፕሮፌሰር በአንድሬይ ስኔዥኔቭስኪ አስተምህሮ «ቀርፋፋ ስኪዞፍሬኒያ» የሚባል ምርመራ ነበር፤ ስኪዞፍሬኒያ ማለት ሰውን ከእውነታ የሚያራርቅ ከባድ የአእምሮ ሕመም ነው። ቀርፋፋ ከመሆኑ የተነሳ ሰውየው ሲሠራ፣ ሲበላ፣ ልጅ ሲያሳድግ አይታይም። ብቅ የሚለው መንግሥትን ሲተች ነው። ከምልክቶቹ አንዱ ኅብረተሰቡን አሻሽላለሁ የሚል «የተሐድሶ ቅዠት» ነበር። የዓለም ሐኪሞች ጫጫታ ሲበዛ የሶቪየት ማኅበር እ.ኤ.አ. በ1983 ከዓለም አቀፉ የአእምሮ ሐኪሞች ማኅበር ራሱን አገለለ፤ ከመባረር ይሻላል ብሎ። እኛም ቀበሌ ስብሰባ ላይ ተነስቶ «ያዋጣነው የመንገድ ገንዘብ የት ደረሰ?» ያለውን ሰው አጎንብሰን «ይሄ ልጅ ደህና ነው ግን?» እንባባላለን። ምርመራው አንድ ነው፤ የእኛው በነፃ ነው።

ለንደን ደግሞ ቤትለም የሚባል፣ እ.ኤ.አ. በ1247 የተመሠረተ ሆስፒታል ነበራት። በ17ኛውና በ18ኛው ክፍለ ዘመን የከተማዋ ሰው ለበዓል ቀን ለብሶና ተኳኩሎ፣ ሳንቲም እየሰጠ እየገባ፣ የታሰሩትን ሕሙማን ሲመለከትና ሲስቅ ይውል ነበር። የኋላ ኋላ እንግሊዞች አፈሩና በሩን ዘጉ። እኛ ስልካችንን ከፈትን። ባለፈው ሜክሲኮ አደባባይ አንዲት ሴት፣ አንድ እግርዋ ላይ ብቻ ጫማ አድርጋ፣ መኪኖቹን ታስተናግዳለች። ስታስተናግድ ደግሞ በቅጡ ነው፤ ታክሲው ቆሟል፣ አውቶቡሱ አልፏል። ዙሪያዋን ስምንት ወይም ዘጠኝ ስልክ። አንዱ ልጅ «እማማ፣ እስቲ በዚህ በኩል ዙሪ፣ ብርሃን የለም!» ይላታል። ወደ ብርሃኑ ዞረችለት። ማታ ቪዲዮው ከነሙዚቃው ወጣ፤ ሥሩም በሳቅና በ«ፈጣሪ ይማርሽ» ተሞላ፤ አንዳንዱ ሁለቱንም አብሮ ጽፏል። ፀሐይዋ ላይ ውኃ ያቀበላት ሰው ግን ቪዲዮው ውስጥ የለም። ምናልባት እየቀረጸ ስላልነበረ ይሆናል።

ሰንሰለቱንስ? ፓሪስ ቢሴትር በተባለው ሆስፒታል የሕሙማኑ ሰንሰለት የተፈታው በ18ኛው ክፍለ ዘመን ማብቂያ ላይ ነው። ክብሩን የወሰደው ሐኪሙ ፊሊፕ ፒኔል ቢሆንም፣ እ.ኤ.አ. በ1797 በእጁ የፈታው የክፍሉ ኃላፊ ዣን ባፕቲስት ፑሳን ነበር፤ እሱም ራሱ ቀድሞ እዚያው ሆስፒታል ታክሞ የዳነ ሰው ነው። በእኛ ጓሮ ሰንሰለቱ አሁንም አለ። ከምሰሶው ጋር ታስሮ ዓመታት የኖረ ወንድም ያለው ቤት፣ በር ላይ ለሚጠይቅ ሁሉ «አገር ቤት ሄዷል» ይላል። ቡታጅራ አካባቢ ተመራማሪዎች ከ68 ሺህ በላይ ሰው ቤት ለቤት ዞረው ሲመረምሩ፣ ከባድ የአእምሮ ሕመም ካገኙባቸው ሰዎች አብዛኞቹ በሕይወታቸው አንድም ቀን ዘመናዊ ሕክምና አግኝተው አያውቁም ነበር። ጎረቤት ግን ያውቃቸው ነበር። ምርመራችን ይኸው ነው፤ ሕክምና የሚባለውን ትርፍ ነገር አላስከተለም እንጂ።

ወጣቶቹ ደግሞ ሙያውን አዘምነውታል። ደውላለት ያላነሳው «ናርሲሲስት»፣ ማለትም ራሱን ብቻ የሚያመልክ ነው። ጠዋት ስቆ ማታ የተቆጣ አለቃ «ባይፖላር» ነው፤ ያ የአሜሪካ ሐኪሞች መመሪያ ማኒያ (የባይፖላር ሕመም ከልክ ያለፈ የመነቃቃት ወቅት) ለማለት ቢያንስ አንድ ሳምንት ሙሉ የዘለቀ ሁኔታ ይጠይቃል፣ የእኛ ልጆች ግን ከምሳ በፊትና ከምሳ በኋላ ይበቃቸዋል። መመሪያው እ.ኤ.አ. በ1952 መጀመሪያ ከታተመ ወዲህ አምስተኛ እትሙ ላይ የደረሰው በ2013 ነው። የቲክቶክ ሐኪሞቻችን ይህን ያህል ጊዜ አይፈጅባቸውም፤ «እነዚህ ሦስት ምልክቶች ካሉባት ሽሽ!» ብለው በአንድ ደቂቃ ይጨርሳሉ።

አንድ ነገር ብቻ ከሆስፒታሎቹ መማር አልፈለግንም፤ ታማሚ ማሰናበት። አማኑኤል ሆስፒታል፣ በጣሊያን ወረራ ዘመን ተመሥርቶ ለረጅም ጊዜ የአገሪቱ ብቸኛ የአእምሮ ሕሙማን ሆስፒታል ሆኖ የኖረው፣ የስንቱን ካርድ ዘግቶ ወደ ቤቱ ሸኝቷል። እኛ አንዘጋም። «እብድ ቢጨምት እስከ እኩለ ቀን» እያልን፣ መድኃኒቱን በሰዓቱ ውጦ፣ ፀበሉንም ተጠምቆ፣ ስድስት ዓመት ያለ እንከን ጋራዥ ውስጥ የሚሠራውን ሰው እኩለ ቀን እስኪሆን እንጠብቀዋለን። ከደንበኛ ጋር በዋጋ ቢከራከር «ጀመረው» ነው፤ ዝም ቢል «ሊጀምረው ነው»።

ይኸው ሰው ባለፈው ሽማግሌ ላከ። የልጅቷ ቤተሰቦች እንደ ወጉ ስለ ዘሩ ሲያጣሩ ሰንብተው እኛ ሰፈር ደረሱ፤ እኛም አላሳፈርናቸውም፣ ካርዱን ከነቁጥሩ አወጣንላቸው። እትዬ ቡናውን እየቀዳች «ሥራውስ ጎበዝ ነው፣ እጁ ወርቅ ነው፣ ግን አማኑኤል ገብቶ ነበር» አለቻቸው። እንግዶቹ ሲኒያቸውን አስቀመጡ። የልጅቷ አክስት ቅር ሲላቸው እትዬ አይታ ነው መሰል፣ ባዶ እጃቸውን እንዳይመለሱ ሌላ መላ ፈለገችላቸው፦

«ታናሽ ወንድም አለው እኮ። እሱ እንኳ ምንም አይወጣለት። እንዴት ያለ ጨዋ ልጅ መሰላችሁ! ድምፁ አይሰማ። ከቤት ከወጣ እንኳ ይኸው ስንት ወሩ!»